የሎሚ አበባ ብርዝ ውስጥ ጨመርኩ፤ ጽጌረዳ ሆኖ ወጣ

የሰበታው፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሰበታ ዳር ነው የምኖረው። ግቢያችን ውስጥ አንድ ያረጀ የሎሚ ዛፍ አለ። ዘንድሮ አበባው ቅጠሉን እስኪሸፍነው ድረስ አበበ። ጠዋት በር ስከፍት ቀድሞ የሚቀበለኝ ሽታው ነው።

ይህን ሁሉ አበባ ነፋስ ከሚወስደው አንድ ነገር ልሥራበት አልኩ። 1 ኪሎ ማር በ4 ሊትር ውኃ በረዝኩ። ሰፈፉን ገፈፍኩ። ከአንድ ጠጅ ቤት ለምኜ ያመጣሁትን ሁለት ማንኪያ አምቡላ ለማስነሻ ጨመርኩ። ከዚያ ጠዋት የለቀምኩትን አበባ ሁለት እፍኝ ሙሉ ከተትኩበት። ዕቃው የውኃ ጀሪካን ነው። አትሳቁ፤ የነበረኝ እሱ ነው። ጌሾ አላደረግሁም፤ የአበባውን ሽታ እንዳይጋፋብኝ ብዬ።

የመጀመሪያው ቀን የሚሸተው የሎሚ አበባ ብቻ ነበር። በሁለተኛው ቀን ማታ ተነሣ፤ አረፋው ክዳኑን ገፋው። ቤቱ በሙሉ አበባ አበባ አለ። ባለቤቴ «ሽቶ ደፋህ እንዴ?» አለችኝ። እኔማ ተሳካ ብዬ ደስ አለኝ። በስምንተኛው ቀን ቀዳሁና አሸተትኩ። የሎሚ አበባ የሚባል ነገር የለም! ጽጌረዳ ይሸታል። ከሥሩ ደግሞ ሙዝ ሙዝ የሚል ነገር አለው።

አበባው የት ገባ? ጽጌረዳውስ ከየት መጣ? እኛ ግቢ ጽጌረዳ ተተክሎ አያውቅም። የገባው ሰው ያስረዳኝ።

ጨረቃ_ሰፈር፦

ነገሩ ከባድ ነው። ጀሪካኑን ወዲህ ላከው፤ አጣሪ ኮሚቴ እናቋቁማለን።

የብርሌዋ_እናት፦

ልጄ፣ እኔ ቡራዩ ጠጅ እየጣልኩ ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። መጀመሪያ አንድ ነገር እናስተካክል። ያለ ጌሾ የጣልከው ጠጅ አይባልም። የፈላ ብርዝ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ጀሪካን ሽታ ይጠጣል። ጋዝ የነበረበትን ጀሪካን ሺህ ጊዜ እጠበው፣ ጋዝ ጋዝ ማለቱን አይተውም። አበባህንም ጠጥቶት ይሆናል። እኛ ጋኑን በግራዋ አጥበን፣ በወይራ አጥነን ነው የምንጥለው። ጋን ሽታ አይሰርቅም፤ እንዲያውም ከራሱ ይጨምርልሃል።

ሌላው ደግሞ፣ ጠጅ ሲነሣ የነበረው ሽታ እስከ መጨረሻው አይዘልቅም። የሁለተኛ ቀን ብርዝና የአሥራ አምስተኛ ቀን ጠጅ ዘመድ አይመስሉም። ለምን እንደሆነ እኔም ልወቀው፤ ተምረናል የምትሉ ንገሩን።

ጠብታ፦

እትዬ ግማሹን መልሰውታል። የቀረውን እኔ ልሞክር። የምሠራው መጠጥ የሚመረመርበት ላቦራቶሪ ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ሽታ ሳሳድድ ነው የምውለው።

የሎሚ አበባ ሽታ አንድ ነገር አይደለም፤ የብዙ ውህዶች ድምር ነው። ሊናሎል አለ፣ ሊሞኒን አለ፣ ጄራኒዮልና ኔሮል አሉ፣ ሌሎችም። ሊናሎልን ብቻ ውሰዱ። 1,000 ሊትር ውኃ ውስጥ 6 ሚሊግራም ያህል ቢገባ የሰው አፍንጫ ሊያገኘው ይችላል። እንዲህ በትንሽ የሚሠራ ነገር ነው እንግዲህ ጀሪካን ውስጥ የገባው።

ወንድሜ፣ ባለቤትህ በሁለተኛው ቀን ያሸተተችው እኮ ከብርዙ እየወጣ የሚሄደውን ነው! ቤቱ በሸተተ ቁጥር ብርዙ ይጎድልበታል። እስቲ እናስላው። 1 ኪሎ ማር ውስጥ ወደ 800 ግራም ስኳር አለ። እርሾ ስኳሩን ሲበላ በክብደት ግማሽ የሚሆነውን አልኮል፣ ግማሽ የሚሆነውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያደርገዋል። ስኳሩ ተበልቶ ሲያልቅ ከ200 ሊትር በላይ ጋዝ በዚያ 5 ሊትር በማይሞላ ብርዝ ውስጥ ያልፋል ማለት ነው። እያንዳንዱ አረፋ ትንሽ ሽታ ይዞ ነው የሚወጣው። ከውኃ ጋር የማይስማሙት፣ እንደ ሊሞኒን ያሉት፣ ቀድመው ይሄዳሉ። ከእነሱ የተረፈውን ደግሞ ፕላስቲኩ ይጠጣዋል። እትዬ ልክ ናቸው። የብርቱካን ጭማቂ ፕላስቲክ ውስጥ ሲቀመጥ ሊሞኒኑ ወደ ፕላስቲኩ ይገባል፤ የማሸጊያ ባለሙያዎች የሚጨነቁበት ነገር ነው።

ይህ የጠፋው ነው። የተቀየረም አለ። እርሾ አልኮል አውጥቶ ዝም የሚል ፍጡር አይደለም። ጄራኒዮል ሲያገኝ ሃይድሮጂን ይጨምርበትና ሲትሮኔሎል ያደርገዋል። ኔሮልንም እንደዚያው። ሲትሮኔሎል የጽጌረዳ ዘይት ውስጥ በብዛት ያለ ነገር ነው፤ ይህን ያዙልኝ። አንዳንዱን ደግሞ ከአሲድ ጋር አጣምሮ ኤስተር ወደሚባል ውህድ ይቀይረዋል፤ ያኔ ሽታው ወደ ፍራፍሬ ይሄዳል። ብርዙ እየኮመጠጠ ሲመጣ ሊናሎልም በአሲዱ ምክንያት ቀስ እያለ አልፋ ተርፒኒዮል ወደሚባል ሌላ ውህድ ይለወጣል። እዚህ ላይ እርሾ እጁ የለበትም፤ ኮምጣጣነቱ ብቻውን የሚሠራው ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ግን ሦስተኛው ነው። ዕፅዋት ሽታቸውን ሁሉ ነፃ አድርገው አያስቀምጡም። ከፊሉን ከስኳር ጋር አጣብቀው ያኖሩታል። ስኳር የተጣበቀበት ሊናሎል አይተንም። የማይተን ነገር አፍንጫ ጋ አይደርስም፤ ስለዚህ አይሸትም። እዚያው አበባው ውስጥ ተቀምጦ ሳለ አናውቀውም። ቤታ ግሉኮሲዴዝ የሚባል ኢንዛይም መጥቶ ስኳሩን ሲቆርጠው ግን ይለቀቃል።

ይህን ኢንዛይም ማን ያመጣዋል? ዳቦም ጠጅም የሚያነሣው ዋናው እርሾ በዚህ ሥራ ሰነፍ ነው። ጎበዞቹ አበባና ማር ላይ የሚኖሩት የዱር እርሾዎች ናቸው። አንዳንድ የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያዎችም ይችሉበታል። በባህላዊ መንገድ የተጣለ ጠጅ ውስጥ ሁሉም አሉ። ችግሩ፣ ስኳር በበዛበት ጊዜ ግሉኮሱ (አንዱ የስኳር ዓይነት) ራሱ ብዙዎቹን ኢንዛይሞች እንዳይሠሩ ይይዛቸዋል። ስለዚህ የታሰረው ሽታ ብዙውን ጊዜ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። አበባህን ገና በስምንተኛው ቀን ነው የፈረድክበት።

ስለ ሙዙና ስለ ጽጌረዳው ነገ እመለሳለሁ። መብራት ሄዷል፤ ስልኬም ሊዘጋ ነው።

መርማሪ_ነኝ፦

ቆይ፣ ቆይ። ጽጌረዳው ከሎሚ አበባው የመጣ መሆኑን በምን አወቅን? አበባ ያልገባበት ሌላ ጀሪካን ጎን ለጎን ነበረ? አልነበረም። እንግዲያው ማሩም ሊሆን ይችላል፣ አምቡላውም ሊሆን ይችላል። ምናልባትም የጀሪካኑ የቀድሞ ታሪክ።

የሰበታው፦

ጀሪካኑ አዲስ ነው፤ ውኃ ብቻ ነው የነበረበት። ስለ ሌላው ግን ልክ ነህ፤ ማመሳከሪያ አላስቀመጥኩም። ተረታሁ።

ቀፎ_ሆለታ፦

ሁላችሁም አበባውን ስታወሩ ማሩን ረሳችሁት። ማር ራሱ አበባ ነው እኮ! ምን ማር ነው የገዛኸው?

እኔ ሆለታ አካባቢ ቀፎ አለኝ። የንብ ምርምር ማዕከሉ ያለበት ከተማ ስለሆነ ስለ ንብ የማያወራ ሰው አናጣም። በእኛ በኩል ሁለት ዓይነት ማር አለ ብለህ ያዘው። አንደኛው ከክረምት በኋላ አደይ አበባው ሲፈነዳ ንቧ ከሜዳ የምታመጣው ነው። እሱን በጥቅምትና በኅዳር እንቆርጠዋለን። ሌላው ወደ ግንቦትና ሰኔ የሚቆረጠው ነው፤ በዚህኛው ውስጥ የዛፍ አበባ ይበዛል። ባህር ዛፍ በለው፣ ግራር በለው፣ ግራቪሊያ በለው። የግራቪሊያ አበባማ ኔክታሩ እስኪንጠባጠብ ድረስ ነው፤ ልጆች ሆነን እያራገፍን እንልሰው ነበር።

በነገራችን ላይ ሰው ሁሉ የባህር ዛፍ ማር ቪክስ ቪክስ የሚል ይመስለዋል። አይልም። ያ የቪክስ ሽታ ሲኒዮል ነው፤ ያለው ቅጠሉ ዘይት ውስጥ ነው። ንቧ የምትወስደው ኔክታር ሌላ ነገር ነው። ባህር ዛፍ በምኒልክ ጊዜ መጥቶ እንጦጦን ከሸፈነ ወዲህ ስንት ትውልድ ማሩን እየበላ ስለ ቅጠሉ ያወራል።

አንድ ቅሬታም አለኝ። ሁለት እፍኝ አበባ ስትለቅም ሎሚህንም ለቀምከው ማለት ነው። ንቦቹንም ቀማሃቸው። ሎሚ ከሚያወጣው አበባ አብዛኛውን ራሱ ያረግፈዋል። ማታ ከሥሩ ንጹሕ ጨርቅ አንጥፍ፤ ጠዋት ቅርንጫፉን ነካ ነካ አድርገው። የወደቀው ይበቃሃል።

የሰበታው፦

ማሩን የገዛሁት ከመንገድ ዳር ነው። ሻጩ «ንጹሕ የዛፍ ማር» ነው ያለኝ።

ቀፎ_ሆለታ፦

መንገድ ዳር ሁሉም ንጹሕ ነው ወንድሜ። ስኳሩም ንጹሕ ስኳር ነው።

ጠብታ፦

ተመልሻለሁ። መብራትም ተመልሷል።

መርማሪ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። ጽጌረዳ የሚሸት ነገር ሁሉ ከአበባ አይመጣም። ፌኒል ኤታኖል የሚባል አልኮል አለ። ጽጌረዳ ውስጥ አለ፣ ማር ውስጥ አለ፣ ደግሞም ማንኛውም እርሾ ከምንም አበባ ሳይነካ ይሠራዋል። የሚሠራው ፌኒልአላኒን ከሚባል አሚኖ አሲድ ነው። እርሾው ናይትሮጅኑን ፈልጎ ይወስድና የተረፈውን አጥንት አልኮል አድርጎ ይጥለዋል። ለእሱ ቆሻሻ፣ ለእኛ ጽጌረዳ! ይህን መንገድ በ1907 የገለጸው ፊሊክስ ኤርሊክ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ነው፤ እስከ ዛሬም በስሙ ይጠራል።

ሙዙም በዚሁ በር የመጣ ነው። እርሾው ሉሲን የሚባለውን አሚኖ አሲድ ይዞ ኢሶአሚል አልኮል ያደርገዋል። ከዚያ ኤስተር ሲሆን ኢሶአሚል አሲቴት ይባላል። የሙዝ ከረሜላ ሽታ ማለት እሱ ነው። ሙዝም ሎሚም አያስፈልገውም።

ማሩም አለበት፣ ቀፎ ልክ ነው። «ማር ማር» ከሚለው ሽታ ውስጥ አንዱ ፌኒል አሴትአልዲሃይድ ነው። እሱም አልዲሃይድ ከሚባሉት ውህዶች ወገን ነው። እርሾ አልዲሃይድ አይወድም፤ ወደ አልኮል ይቀይረዋል። ይህኛው ሲቀየር ምን ይሆናል? ያው ፌኒል ኤታኖል። የማር ሽታ ጽጌረዳ ሆነ ማለት ነው። የፈላ ብርዝ ከጥሬው ብርዝ ይልቅ ማር ማር ማለቱ የሚቀንሰው በከፊል ለዚህ ነው።

ስለዚህ ጽጌረዳህ ሦስት አባት ሊኖረው ይችላል። ከአበባው የመጣ ጄራኒዮል ተቀይሮ፣ የማሩ አልዲሃይድ ተቀይሮ፣ ወይም እርሾው ራሱ የሠራው። በአፍንጫ ብቻ መለየት ይከብዳል። ግን ቢያንስ አበባው ድርሻ አለው ወይስ የለውም የሚለውን ያለ ማሽን ማወቅ ይቻላል። ሁለት ዕቃ፣ አንድ ማር፣ አንድ እርሾ፤ አንዱ ላይ ብቻ አበባ። ሦስተኛ ዕቃ ካለህ ደግሞ አበባውን መጨረሻ ላይ ጨምርበት፤ ፍላቱ ከበረደ በኋላ። ፕላስቲክ ተው፤ መስታወት ፈልግ።

የብርሌዋ_እናት፦

እግዜር ይስጥሽ ልጄ፣ አሁን ገባኝ። እኔ አንድ ነገር ልጨምር። በክረምት የጣልኩት ጠጅ ከበጋው የተሻለ ይሸታል። ሐምሌ ላይ ቡራዩ ብርዱ አጥንት ይገባል፤ ጠጁም ቀስ ብሎ ነው የሚነሣው፤ ሃያ ቀን የሚቆይ አለ። በበጋ ግን ቶሎ ይንተከተክና ቶሎ ይደርሳል፤ ሽታው ግን ቅል ነው። የማሩ ጥራት ነው እያልኩ ስንቱን ነጋዴ ወቀስኩ መሰለሽ!

ጠብታ፦

እትዬ፣ ነጋዴውን ሙሉ በሙሉ ነፃ አላወጣውም፤ ግን ብርዱ እውነት ነው። ሲቀዘቅዝ ጋዙ በቀስታ ይወጣል፣ ሽታውም ፈሳሹ ውስጥ መቆየት ይቀለዋል። ነጭ ወይን የሚሠሩ ሰዎች ማቀዝቀዣ የሚገዙት ለዚሁ ነው። እርስዎ በነፃ አግኝተውታል።

አዲስ_ገቢ፦

እኔ ለገጣፎ ነኝ። የሎሚ ዛፍ የለኝም፤ ግቢው ውስጥ ግን የመለከት አበባ አለ። ያ ትልልቅ ወደ ታች የሚንጠለጠለው ነጭ አበባ። ማታ ማታ ሽታው ያሰክራል። እሱን ባደርገውስ? ደግሞ ኮሶስ? ጃካራንዳስ?

ጠብታ፦

የመለከት አበባን በፍጹም! ይህን ሁላችሁም አንብቡልኝ። የመለከት አበባ የአስተናግር ዘመድ ነው። ስኮፖላሚን አለበት። ሰው ያስቃዣል፣ ልብን ያዛባል፣ ይገድላልም። መፍላቱ መርዙን አያጠፋውም፤ አልኮሉ ከአበባው አውጥቶ ያሟሟዋል እንጂ። የሚያሰክረውን ሽታ እዚያው ዛፉ ላይ አሽትተው፤ እሱም ከሩቅ።

ኮሶ የሽታ ዕቃ አይደለም፤ የትል መድኃኒት ነው። መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከማጥፋት ይደርሳል። ጃካራንዳ ለዓይን እንጂ ለአፍንጫ ብዙም የለውም፤ የሚበላ አበባም አይደለም። ደንቡ ቀላል ነው። ሰው ሲበላው ያልኖረውን አበባ ብርዝ ውስጥ አትጨምሩ። ፀረ ተባይ የተረጨበትንም እንደዚያው።

ጨረቃ_ሰፈር፦

ኮሶ ጠጅ። አማት ሲመጣ የሚቀዳ።

የብርሌዋ_እናት፦

አፍህን በውኃ ተጉመጥመጥ!

የሰበታው፦ *(ከ26 ቀን በኋላ)*

ተመለስኩ። ለአንድ ወር ያህል የባለቤቴን ኩሽና ይዤ ተቀምጬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ እንደማይፈቀድልኝ ተነግሮኛል።

ሦስት ባለ 5 ሊትር የመስታወት ዕቃ ተዋስኩ። ማሩን ከአንድ አናቢ ገዛሁ፤ የግንቦት ቆረጣ ነው። ሁሉንም በአንድ ጊዜ በርዤ፣ አምቡላውንም እኩል አካፍዬ አስቀመጥኩ። 1 ቁጥር፣ አበባ የለውም። 2 ቁጥር፣ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አበባ ገብቶበታል፤ በአራተኛው ቀን አውጥቼዋለሁ። 3 ቁጥር፣ እስከ አሥራ አራተኛው ቀን ምንም አልነካሁትም። አረፋው ሲቆም አበባውን በስስ ጨርቅ ቋጥሬ ለሦስት ቀን ዘፈዘፍኩበት። አበባውን ከዛፉ ሥር ጨርቅ አንጥፌ ነው የሰበሰብኩት። ንቦቹም እኔም ደህና ነን።

ውጤቱ ይኸውላችሁ። 1 ቁጥርን ሳሸት ክው አልኩ። ሙዝ አለው፣ ቀጠን ያለ ጽጌረዳም አለው! አንድም አበባ ሳይገባበት። መርማሪ፣ እጄን ሰጥቻለሁ። በመጀመሪያው ጀሪካን «አበባዬ ጽጌረዳ ሆነ» ብዬ የደነቅሁበት ሽታ ቢያንስ ከፊሉ የእርሾው ነው።

2 ቁጥር ጽጌረዳው ይወፍራል። ከዚያ ሌላ ደግሞ ስም ያጣሁለት ነገር አለው። ሎሚ አበባ አይደለም፤ ጥሩ ሻይ ቅጠል ቆርቆሮው ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት። በስምንተኛው ቀን አልነበረም፤ በሃያኛው ቀን ነው የመጣው። ጠብታ የታሰረው ይዘገያል ያልሽው እሱ ይሆን?

3 ቁጥር ቁርጥ የሎሚ አበባ ነው። በሩን ስከፍት የማገኘው ዓይነት። ግን ከሥሩ ሣር ሣር ይላል፣ ምላስ ላይም ትንሽ ይመራል።

ከዚያ ራሴን አላመንኩትም፤ የፈለግሁትን እያሸተትኩ ይሆናል ብዬ ስድስት ሰው ሰበሰብኩ። ለእያንዳንዱ ሦስት ብርሌ፣ ሁለቱ ከአንድ ዕቃ፣ አንዱ ከሌላው። «የተለየውን አውጣ» ብቻ። ያወዳደርኩት 1ኛውንና 2ኛውን ነው። አምስቱ በትክክል ለዩ። የሳቱት አማቴ ናቸው፤ ጉንፋን ላይ ነበሩ።

መርማሪ_ነኝ፦

ጉንፋን የያዘውን ሰው መጀመሪያውኑ ማስገባት አልነበረብህም። ከገቡ በኋላ ግን አይወጡም፤ ይቆጠራሉ።

ጠብታ፦

ይቆጠሩ። እንዲያም ሆኖ ጥሩ ነው። በግምት ብቻ ቢሆን እያንዳንዱ ሰው ከሦስት አንድ ዕድል አለው። ከስድስት ሰው አምስት ወይም ከዚያ በላይ በግምት የመምታቱ ዕድል ከ729 ውስጥ 13 ነው፤ ከመቶ 2 አይሞላም። አበባው አንድ ነገር ጨምሯል ማለት እንችላለን። የጨመረው ሲትሮኔሎል ነው፣ ከስኳር የተፈታ ሊናሎል ነው፣ ወይስ ሌላ፣ ያን የሚነግረን ጋዝ ክሮማቶግራፊ፣ ማለትም ውህዶቹን አንድ በአንድ የሚለየው የላቦራቶሪ ምርመራ ብቻ ነው። ስለ ሻይ ቅጠሉ ግን ዝም ብዬ አልልፈውም። የጥቁር ሻይ የአበባ ሽታ የሚመጣው ቅጠሉ ሲቀጠቀጥ የራሱ ኢንዛይም እነ ሊናሎልና ጄራኒዮልን ከስኳር ስለሚፈታቸው ነው። ስለዚህ አፍንጫህ ዝም ብሎ አልቀባጠረም።

3 ቁጥር ላይ ያለው ሣር ሣር የሚለው ከአረንጓዴው ክፍል ነው። አበባውን የሚይዘውን ጽዋና እንጭጩን ፍሬ አውጥተህ ነጩን ብቻ ዘፍዝፍ። መምረሩም አብሮ ይቀንሳል። ሦስት ቀንም በዝቷል፤ አልኮል ከውኃ ይበልጥ ጎትቶ ያወጣል፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። ደግሞ ስትቀምስ አንድ ዘዴ ሞክር። አልኮል ሽታውን ፈሳሹ ውስጥ ይዞ ያስቀራል። ብርሌው ላይ ትንሽ ንጹሕ ውኃ ጠብ አድርግና እንደገና አሽት።

የሰበታው፦

ውኃውን ሞከርኩት፤ ይሠራል! ሁለተኛው ላይ ሻይ ቅጠሉ ጎልቶ ወጣ። ደግሞ 2ኛውንና 3ኛውን ግማሽ በግማሽ ቀላቀልኩ። ከሁሉም የበለጠው እሱ ሆነ። ከላይ የሎሚ አበባ፣ ከሥር ጽጌረዳ። ባለቤቴ ስለ ኩሽናው ያወጣችውን ሕግ ለጊዜው አንሥታለች።

ቀፎ_ሆለታ፦

ቀጥሎ የወይራ አበባ ሲወጣ እንሞክር። ደቃቃ ነው፤ መልቀሙ ግን ትዕግሥት ይፈልጋል።

የብርሌዋ_እናት፦

የሰበታው፣ ጎበዝ ነህ፤ ግን አሁንም ጠጅ አልጣልክም። ጌሾ የሌለው ነገር ነው ስድስት ሰው ያጠጣኸው። እኔ አንድ ትንሽ ጋን አለኝ፤ በወይራ አጥኜ አቆይልሃለሁ። እሁድ ከቅዳሴ መልስ ና፣ በጌሾ እንጥለዋለን። አበባውን እኔ መጨረሻ ላይ ነው የምጨምረው፤ አሁን ምክንያቱን አውቄዋለሁ። ባዶ እጅህን ግን አትምጣ፤ ያን የቀላቀልከውን አንድ ጠርሙስ ያዝልኝ።

የሰበታው፦

እሺ እትዬ፣ እመጣለሁ። የጌሾው ጭስ ሽታ ግን አበባዬን አይጋፋውም?

የብርሌዋ_እናት፦

ጌሾ አይጨስም ልጄ፣ የሚጨሰው ወይራው ነው። ና ብቻ።

ጨረቃ_ሰፈር፦

እኔስ እትዬ? ከአጣሪ ኮሚቴው ነኝ።

የብርሌዋ_እናት፦

አንተ ብርሌ ታጥባለህ።